ስብጥር ፍለጋ ወደ ጉደር

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ክረምቱ ወጥቶ የአምቦ ዙሪያ መስክ ገና አረንጓዴ በነበረበት በጥቅምት ወር ነው። በዘጋቢነት ሥራ ረጅም ዘመን ቆይቻለሁ፤ ከዚህ የከፋም አይቻለሁ። ይህኛው ከአእምሮዬ ያልወጣው አደጋው ትልቅ ስለነበረ አይደለም። የአደጋው ምክንያት እጅግ ትንሽ ስለነበረ ነው። ሽማግሌዎች ወራት የለፉበት የደም ዕርቅ ለአንድ ቀይ ጃንጥላ ሲባል ሊፈርስ ነበር።

ሰውየው ፎቶግራፍ አንሺ ነው። እዚህ ናሆም እለዋለሁ፤ ስሙ ግን ይህ አይደለም። የአዲስ አበባ ልጅ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ “የአክስቴ ልጅ ነው፤ እባክህ አምቦን አሳየው” ብሎ አደራ ሰጠኝ። አደራ ባይሆን ኖሮ በመጀመሪያው የስልክ ንግግራችን እተወው ነበር።

“ጋሼ፣ እኔ የምሠራው የጎዳና ፎቶ ነው” አለኝ። “አዲስ አበባ ሰፈር አለቀብኝ። ግማሹ ፈርሷል፤ የቀረውን ሁሉም ሰው አንስቶታል። ስብጥር ያለበት ሰፈር ይፈልጉልኝ። ሃይማኖቱ፣ ቋንቋው፣ አለባበሱ የተለያየ፤ ግን በአንድ ፍሬም የሚገባ።”

“አምቦ እንደዚያው ነው” አልኩት።

“ቤቶቹስ አርጅተዋል?”

“አንዳንዶቹ።”

“አሪፍ። ሰዎቹስ?”

ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልመለስኩለትም።

መናኸሪያ ስቀበለው የመሬት ቀያሾች የሚለብሱትን ዓይነት ባለ ብዙ ኪስ ሰደርያ ለብሶ፣ አንገቱ ላይ ሁለት ካሜራ አንጠልጥሎ ነበር። ይህን ሰደርያ አንባቢ ይያዝልኝ፤ ኋላ ጉድ ይሠራል። በመንገዱ ጊንጪን አይቷት እንደሆነ ጠየቅሁት።

“አየኋት። አውቶቡስና ጤፍ ነው” አለኝ።

ያያት በመስኮት ነው።

እኔ ወደምኖርበት ሰፈር ወሰድኩት። በእኛ መንገድ ላይ የወልቂጤ ሰው የብረታ ብረት ሱቅ አለው። ከጎኑ አንዲት ልብስ ሰፊ አለች፤ ከደንበኛዋ ጋር በአፋን ኦሮሞ ዋጋ ትከራከራለች፣ በመሃል ልጇን በአማርኛ ትቆጣለች፣ ክርክሩን ካቆመችበት ትቀጥላለች። ከእሷ ቤት ጀርባ የጴንጤዎቹ መዘምራን ይለማመዳሉ፤ ከመንገዱ ማዶ ደግሞ የማርያም ማኅበርተኞች ድንኳን ይተክላሉ፤ ምሰሶ ሲያንሳቸው ከመዘምራኑ ይዋሳሉ። ጥግ ላይ ያሉት ጡረተኛ የቤታቸው ካርታ ዛሬም በአምቦ የድሮ ስም “ሀገረ ሕይወት” የሚል ነው፤ ከአራቱም ማዕዘን ለመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ክፍል ያከራያሉ። ስብጥር የሚባለው ነገር ካለ ይኸው ነው፤ ማንም ስም አላወጣለትም እንጂ።

ናሆም ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ። “ጋሼ፣ ይሄማ ሱቅ ነው” አለኝ።

ከዚያ ቀለሙ የተላጠ የጭቃ ግድግዳ አገኘና ፊት ለፊቱ ቆመ። ቆመ ብቻ። ፀሐይዋ ስታነድደኝ ምን እንደሚጠብቅ ጠየቅሁት።

“ሰማያዊ የለበሰ ሰው።”

“ማን የሚባል?”

“ማንም ይሁን። ከግድግዳው ጋር ይሄዳል።”

ሰማያዊ ሻርፕ የለበሰች ሴትዮ የገበያ ዘንቢል ይዛ አለፈች። አነሳት፤ ደስ አላለውም፤ ተመልሳ ደግማ እንድታልፍ ጠየቃት። ሴትዮዋ ዘንቢሏን ወደ ሌላው እጇ አዛወረች።

“አንተ፣ ግድግዳውን ልትቀባው ከሆነ ቀለም ይዘህ ና” አለችው። “ካልሆነ መንገዴን ልቀቅ። ሽንኩርቱ ከብዶኛል።”

እሱም ትቷት እንደ ትልቅ ምሥጢር ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ፣ “አዩ ጋሼ፣ የአምቦ ሰው ካሜራ አልለመደም” አለኝ። በዚህ አገር በቅርብ ዓመታት መንገድ ላይ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ማን እንደሆነና ፎቶው ለማን እንደሚደርስ ሰው ሳያጣራ አይቆምለትም፤ ምክንያትም አለው። ይህን ነገርኩት። “ለዚህ እኮ ነው ስሜት ያለው” አለኝ። ከዚያ በኋላ ማስረዳቴን አቆምኩ።

ከሰዓት በኋላ ጉደርን ማየት ፈለገ። በአሮጌዋ መኪናዬ ሄድን። ከጉደር ከተማ ዳር፣ አንዲት ቀጭን ወንዝ መንገዱን የምታቋርጥበት አካባቢ፣ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። መኪናዋን ዳር አስይዤ ክሪክ አወጣሁ። ናሆም ሊያግዘኝ ሐሳቡም አልነበረውም፤ “ብርሃኑ ሳያመልጠኝ” ብሎ በድልድዩ ጎን ወደ ወንዙ ወረደ።

ከድልድዩ በታች ምን እንዳለ ላስረዳ። በእኛ አካባቢ ሰው ከሞተ፣ በመኪና አደጋም ቢሆን፣ ፍርድ ቤት መፍረዱ ብቻ ነገሩን አይዘጋውም። ጉማ አለ፤ የደም ዕርቅ ማለት ነው። ጉማው እስኪያልቅ የሟችና የገዳይ ወገን ዓይን ለዓይን አይተያዩም፣ ከአንድ ውሃ አይጠጡም፤ አንዱ በሚሄድበት መንገድ ሌላው አይሄድም። የዕርቁ ቀን ሁለቱን ወገን በወንዝ ማዶና ማዶ ያስቀምጧቸዋል። ሽማግሌዎች በመሃል እየተመላለሱ ቃል ያደርሳሉ። ሲያበቃ የሽማግሌዎቹ ታላቅ በመጀመሪያ የሟችን አባት ይጠራል። አባትየው ሳይጠራ ከተሻገረ፣ “ደማችንን አረከሱት” ተብሎ ነገሩ ይፈርሳል። መሻገር ጀምሮ ከተመለሰ ደግሞ ዕርቁን እምቢ እንዳለ ይቆጠራል።

የዚያን ዕለት በአንደኛው ዳር የተቀመጡት ኦቦ ደሬሳ ነበሩ። ልጃቸው ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሚኒባስ ገጭቶት ሞቷል። በሌላው ዳር የሚኒባሱ ሹፌር አባት ኦቦ ታደሰ ነበሩ። ሁለቱም የአንድ ቀበሌ ሰዎች ናቸው። ልጁ ከሞተ ወዲህ የኦቦ ታደሰ ቤተሰብ ወደ ገበያ የሚሄደው ከከተማው ጀርባ በጭቃው ዞሮ ነበር። ይህን ሁሉ የማውቀው ጉዳዩን ከፍርድ ቤቱ ጀምሬ ስለተከታተልኩት ነው፤ የቀረውን በኋላ ሁለቱንም ወገን ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ዕርቁ የዚያን ዕለት እዚያ እንደሚደረግ ግን አልሰማሁም ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። በጉማ በግ ይታረድ ነበር። የኦቦ ደሬሳ ቤተሰብ ግን ፕሮቴስታንት ነው፤ “ደም አንነካም” አሉ። ኦርቶዶክሶቹ የኦቦ ታደሰ ወገኖች ደግሞ “በግ ሳይታረድ ምን ዕርቅ አለ?” ብለው ነበር። ሽማግሌዎቹ ብዙ ከደከሙ በኋላ በጉ ቀርቶ ውሃው ብቻ እንዲበቃ ሁለቱን አስማሙ። ስለዚህ በዚያ ቀን የዕርቁ ክብደት ሁሉ ያረፈው በመሻገሩ ላይ ነበር።

ሌላም አለ። ዕርቁ በመዝገብ እንዲያያዝ ሽማግሌዎቹ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ፎቶ የሚያነሳ ሰው ጠይቀው እየጠበቁ ነበር።

በዚህ መሃል ነው ናሆም በሰደርያው፣ በሁለት ካሜራው፣ ሱሪውን ሰብስቦ ወንዙ ውስጥ የገባው።

ያየውን በኋላ ነግሮኛል። ያየው ሁለት ሰፈር ነው። በአንዱ ዳር ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ፣ በሌላው ዳር ፀሐይ ያስቸገራቸው ሌላ ሽማግሌ የሚስታቸውን ቀይ ጃንጥላ ይዘው። ነጭና ቀይ። ማዶና ማዶ ሆነው ከአንድ ፍሬም አልገባ አሉት። ያን ሁሉ ሰው ዝም ያሰኘው፣ ያን ሁሉ ጀርባ ያዞረው ምንድን ነው ብሎ አንድም ሰው አልጠየቀም። ለኦቦ ደሬሳ እጁን አወዛወዘ።

“አባባ! ይምጡ፣ ይሻገሩ! እዚያ እሳቸው ጋ!”

ኦቦ ደሬሳ ተነሱና ወደ ውሃው ገቡ።

ጎማውን አጥብቄ ቀና ስል ከታች ጩኸት ሰማሁ። ወደ ዳሩ ስጠጋ ኦቦ ደሬሳ ወንዙ መሃል ደርሰዋል። ከኋላቸው የወንድማቸው ልጅ ዱላውን ይዞ ተነስቷል።

“ሳይጠራ አሻገሩት! ናቁን! ደማችንን ናቁት!”

በአፋን ኦሮሞ በቻልኩት ድምፅ ጮህኩ፤ “አባባ፣ ይቁሙ! ጠሪው ሽማግሌ አይደለም!”

ቆሙ። ውሃው ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ ነበር። ወደፊት ቢሄዱ ሳይጠሩ ተሻገሩ፤ ቢመለሱ ዕርቁን እምቢ አሉ። ጋቢያቸውን በአንድ እጃቸው ሰብስበው ቀጥ ብለው ቆሙ። ማዶ ኦቦ ታደሰ ነገሩ ገብቷቸው፣ ዓይን ለዓይን እንዳይተያዩ ጃንጥላውን ዝቅ አድርገው ፊታቸውን ሸፈኑ።

ይህን ጊዜ የናሆም ድምፅ ተሰማ።

“አባባ፣ ጃንጥላውን ትንሽ ከፍ ያድርጉት! ፊትዎን ሸፈነው!”

ወረድኩና ሌንሱን በመዳፌ ያዝኩት። “ጋሼ፣ አሁን እኮ ነው ወርቅ የሆነው!” አለኝ። መዳፌን አላነሳሁም።

ኦቦ ፈይሳ የሽማግሌዎቹ ታላቅ ናቸው። ቸኩለው አያውቁም፤ ያን ቀንም አልቸኮሉም። በመጀመሪያ ዱላ ወደያዘው ወጣት ዞረው “ቁጭ በል” አሉት። ቀጥለው ወደ ውሃው ተመለከቱ።

“ደሬሳ፣ ማን ጠራህ?”

“ከወረዳ የመጣው።”

ሁሉም ሰው ወደ ናሆም ዞረ። ኦቦ ፈይሳ በአማርኛ ጠየቁት።

“አንተ ልጅ፣ ከወረዳ ነህ?”

“አይ አባባ፣ ከቦሌ ነኝ።”

አንድ ሰው ሳቀ። ማን እንደሆነ አላየሁም፤ ግን ከሟች ወገን ዳር ነው የሰማሁት። ያ ሳቅ ዱላውን ትንሽ ዝቅ አደረገው ብዬ አምናለሁ።

“እሺ የቦሌው፣ ከየትኛው ወገን ነህ?” አሉት ኦቦ ፈይሳ። “እዚህ ወገን የሌለው ሰው አይቆምም።”

“እኔ ገለልተኛ ነኝ። አርቲስት ነኝ።”

“ገለልተኛማ ሽማግሌው ነው። በል ካሜራህን አውርድና ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀመጥ። ስትጠየቅ ትናገራለህ፤ ሳትጠየቅ አትጣራም።”

ከሽማግሌዎቹ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ጫማው ውሃ ገብቶበት ይንጨቀጨቅ ነበር። እኔንም እንደ ከዳተኛ አየኝ።

ሽማግሌዎቹ ራስ ለራስ ተጠጋግተው ተነጋገሩ። ረጅም አልነበረም፤ ለቆሙት ሰውዬ ግን ረጅም ይመስለኛል። የጥቅምት ውሃ ቀዝቃዛ ነው። በመጨረሻ ኦቦ ፈይሳ ተነስተው እንዲህ አሉ፤

“ደሬሳ ወደፊት አይሄድም። ወደኋላም አይመለስም። ያለበት ቦታ ከሁለቱም ዳር አይደለም። ስለዚህ ዕርቁ ወደ እሱ ይሂድ።”

ይህን ብለው ጫማቸውን ሳያወልቁ ወንዙ ውስጥ ገቡ። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ተከተሏቸው። በውሃው መሃል በኦቦ ደሬሳ ዙሪያ ቆሙ። ከዚያ ኦቦ ፈይሳ ደንቡ እንደሚያዘው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የኦቦ ደሬሳን ስም ከነአባታቸው ጠሩ። ከክንዳቸው የማይርቁትን ሰው፣ ከማዶ እንዳለ ሰው ጠሯቸው።

“ቶሌ” አሉ ኦቦ ደሬሳ። እሺ ማለታቸው ነው።

ቀጥሎ ኦቦ ታደሰ ተጠሩ። ፊታቸውን በጃንጥላው እንደሸፈኑ በሁለት ሰው ተደግፈው ወደ ውሃው ገቡ። አጠገብ ለአጠገብ ሲደርሱ ጃንጥላውን የዘጉት ኦቦ ፈይሳ ናቸው። ሁለቱ አባቶች ተያዩ። ሽማግሌው ከወንዙ በእጃቸው ውሃ ጨልፈው በሁለቱም መዳፍ ላይ አፈሰሱ፤ ሁለቱም ከዚያው ውሃ ጠጡ። አንዱ ወገን አማተበ፤ ሌላው ዓይኑን ጨፍኖ ጸለየ። ሹፌሩ በስተመጨረሻ ከዛፍ ጀርባ መጥቶ የኦቦ ደሬሳን ጉልበት ሳመ። ኦቦ ደሬሳ አላቀፉትም። ግን እጃቸውን ራሱ ላይ አሳረፉ።

ናሆም ከጎኔ በሹክሹክታ፣ “ይሄን ሁሉ አስመለጡኝ” አለኝ።

ልንሄድ ስንል ኦቦ ፈይሳ ጠሩት። “ያነሳኸው ካለ ለእነዚህ ሰዎች ላክላቸው። ጥፋትህን ያኔ ትክሳለህ” አሉት። “እልካለሁ አባባ፣ በእናቴ!” አለ። እናቱ ይህን መሓላ ያውቁት እንደሆነ አላውቅም። አልላከም።

እውነተኛው የወረዳው ሰው በሞተር ብስክሌት የደረሰው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ሁለቱን አባቶች ዳር ላይ አቁሞ በስልኩ አንድ ጊዜ አነሳና ሄደ። ፎቶውን አይቼዋለሁ። ደብዛዛ ነው፤ አንዱ ጥግ ላይ የአንሺው ጣት ገብቶበታል። በመዝገቡ የተያያዘው እሱ ነው።

በዓመቱ ለሥራ አዲስ አበባ ሄጄ የናሆምን ዐውደ ርዕይ አየሁ። በትልቁ ግድግዳ ላይ፣ ቁመቱ ከእኔ የሚበልጥ ፎቶ ተሰቅሏል። መዳፌ ሌንሱ ላይ ከመድረሱ በፊት ያነሳው ነው። ኦቦ ደሬሳ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወንዙ መሃል ቆመዋል፤ ከማዶ የቀይ ጃንጥላ ጫፍ ይታያል። ከሥሩ “ሕብር፦ ጎረቤታሞች በወንዝ ዳር ጨዋታ” ይላል። ሰዎች ብርጭቆ ይዘው እየቆሙ “ሰላሙ ደስ ሲል!” ይላሉ። አንዲት ወይዘሮ ሰውየው ዓሣ እያጠመዱ እንደሆነ ለጓደኛዋ አስረዳች።

ናሆም ሲያየኝ ደስ አለው። “ጋሼ! አዩት? ሁሉም የሚቆመው እዚህ ጋ ነው!”

“ጽሑፉ ውሸት ነው። ቀይረው” አልኩት።

“ርዕስ እኮ ነው ጋሼ፤ ዜና አይደለም።”

“ሰውየው ማን ይባላሉ?”

“አባባ ነው ያልኳቸው” አለኝ።

ለኦቦ ደሬሳ አንድ ቅጂ እንዲሰጠኝ ጠየቅሁት። ቅጂው የተወሰነ ስለሆነ እንዲሁ እንደማይሰጥ ነገረኝ። ስልኬን አውጥቼ ግድግዳው ላይ ያለውን አነሳሁት። ጥበቃው መጥቶ፣ “ጌታዬ፣ እዚህ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው” አለኝ። ቢያንስ እሱ ደንቡን ያውቃል።

ወደ ቤቴ ስመለስ ጉደር ድረስ ሄጄ ፎቶውን ለኦቦ ደሬሳ አሳየኋቸው። ስልኩን ራቅ አድርገው ያዙት። የሚኒባሱ መንገድ በደጃቸው ነው የሚያልፈው፤ ስንቀመጥ የኦቦ ታደሰ ሚስት ዘንቢል ይዛ በዚያው መንገድ ወደ ገበያ ስትሄድ ሰላም ብላን አልፋለች።

“ይሄ የቦሌው ልጅ” አሉኝ፣ “ለምን ነበር የጠራኝ?”

ያላየሁትን አልጽፍም፤ ያየሁትንም አልደብቅም። ነገርኳቸው። የእርስዎ ጋቢ ነጭ ነው፣ የኦቦ ታደሰ ጃንጥላ ቀይ ነው፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ቢሆኑ ያምራል ብሎ ነው አልኳቸው።

“ለጃንጥላ?”

“ለጃንጥላ።”

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። እኔ ያኔም ተቆጥቼ ነበር፤ አሁንም ይህን ስጽፍ ለዚያ ሰው ያለኝ ንቀት አልቀነሰም። ስብጥር እያለ በሦስት ከተማ ዞሮ የአንድ ሰው ስም ሳያውቅ የተመለሰ ሰው ነው። ሌላ ከተማ፣ ሌላ ግድግዳ ፊት ሰማያዊ የለበሰ ሰው እየጠበቀ ይሆናል።

ኦቦ ደሬሳ ግን አልተቆጡም። ስልኩን መለሱልኝና ወደ መንገዱ አዩ።

“እኔ ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጬ የምጠብቀው መጠራቴን ነበር” አሉኝ። “ማን እንደጠራኝ ልብ አላልኩም። ይምጡ ሲባል ብቻ ሰማሁ። እሱ ለጃንጥላ ይጥራኝ። እኔ የተነሳሁት ለጃንጥላ አይደለም።”